ሁለት ቀን የተጻፈባቸው ቢራቢሮዎች

ኢንስፔክተር ሠርካዲስ ዘነበ የልደታ ኮንዶሚኒየምን ሦስት ፎቅ ደረጃ ወጥታ ስትጨርስ ሁለት ነገር አማራት፤ አንድ ወንበርና አንድ ፍሬ ቅርንፉድ። ጉልበቷ ከደረጃ ጋር ከተጣላ ሰንብቷል። ቅርንፉዱ ደግሞ ላለፉት ሁለት ወራት ሳታስነቅለው እያባበለች ላቆየችው መንጋጋዋ ነው። ወንበር ስላልነበረ ቅርንፉዱን ብቻ ጉንጯ ውስጥ ወሸቀችና በሩ አጠገብ ባለው አጭር ግንብ ላይ ተደገፈች። ግንቡ ላይ ግማሹ የተበላ ንፍሮ ያለበት የሸክላ ሳህን ተቀምጧል። እንዳይወድቅ በክርኗ ፈቀቅ አደረገችው። ያኔ ምንም አልመሰላትም፤ በኋላ ግን በዚህ ነገር ራሷን በራሷ ስትሰድብ ከርማለች።

ዕለቱ ግንቦት ልደታ ነበር። እመቤታችን በደጅ ተወለደች ተብሎ በዓሉም በደጅ ይከበራልና፣ ጎረቤቱ ከጠዋት ጀምሮ በሕንፃዎቹ መካከል ባለው ግቢ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ዳቦ ቆርሶ ሲጫወት ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከሦስተኛ ፎቅ አንድ ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም አንገቱን አንጋጦ የጋሽ ሚደቅሳን መስኮት ያያል፤ እሳቱንም የሚቆሰቁሰው የለም።

ሳጅን ጋሻው አፉንና አፍንጫውን በመሃረብ ሸፍኖ በሩ ላይ ጠበቃት።

«አይግቡ ኢንስፔክተር፣ መርዝ ነው። የቢራቢሮ መግደያ ጠርሙስ ተሰብሮ ነው ሽማግሌው የሞቱት።»

«አንተ ስንት ጊዜ ገባህ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«በሕይወት አለህ እኮ» አለችውና አልፋው ገባች።

ክፍሉ የሰው ሳሎን አይመስልም። ሌላው ቤት ቴሌቪዥን በሚሰቅልበት ግድግዳ ላይ፣ ጥልቀት የሌላቸው መሳቢያዎች ከላይ እስከ ታች የተደረደሩበት ረጅም ቁም ሳጥን ቆሟል። በየመሳቢያው ውስጥ፣ በመስታወት ሥር፣ በቀጭን መርፌ የተወጉ ቢራቢሮዎች እንደ ተማሪ ሰልፍ ተሰልፈዋል። ጠረጴዛው ላይ ጀርባው የተላጠ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አለ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን አንድ የእንግሊዝ አገር ቄስ ቢራቢሮ ስለ ማጥመድ፣ ስለ መግደልና ስለ መደርደር የጻፈው መምሪያ ነው። ጋሽ ሚደቅሳ ቱሉ በወጣትነታቸው ከአንድ የውጭ አገር መምህራቸው ተቀብለውት፣ አርባ ዓመት ባዮሎጂ ሲያስተምሩም፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም ከእጃቸው አልተለየም።

አሁን በጀርባቸው ተንጋለው ወለሉ ላይ ናቸው። ከራሳቸው ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ ሹል ማዕዘን አጠገብ፣ ደም ረግቷል። በደሙ ላይና በዙሪያው የጠርሙስ ስብርባሪ ተበትኗል፤ በመካከሉም የጀሶ ጓል አለ። አንዱ ስባሪ ላይ በቀይ ቀለም «መርዝ» የሚል ይነበባል። ከበሩ ወዲያ ደግሞ የፕላስቲክ ሳህን ተደፍቶ ንፍሮው እስከ ጠረጴዛው እግር ድረስ ተንከባልሏል።

ጋሻው ነገሩን አገጣጥሞ ጨርሶታል። ጠርሙሱ ከእጃቸው አመለጠ፤ መስኮቱ ዝግ ስለነበር መርዙ ክፍሉን ሞላው፤ ራሳቸውን ስተው ሲወድቁ ማዕዘኑ መታቸው። ሠርካዲስ እየሰማችው ፎቶ መነሳቱን አረጋገጠችና፣ ጎንበስ ብላ ደሙ መካከል ያለውን ስባሪ በብዕሯ ጫፍ ገለበጠችው። ሥሩ ደም ነው፤ ላዩ ንጹሕ ነው። ሌላም ገለበጠች። እሱም እንደዚያው ነው።

ቀና ስትል አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ አየች። ጠረጴዛው ላይ፣ ሽማግሌው ከወደቁበት አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ በስስ የመጋረጃ ጨርቅ የተሸፈነ የእንጨት ሳጥን አለ። ውስጡ ካለው ጭራሮ ላይ ባዶ ልባስ ተንጠልጥሏል፤ አባጨጓሬው ቢራቢሮ እስኪሆን ድረስ ተጠቅልሎ የሚተኛበት ነው፤ የባዮሎጂ አስተማሪዎች ሙሽሬ ይሉታል። ከልባሱ የወጣችው ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ጨርቁን ይዛ ክንፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከሳጥኑ አጠገብ ያለው ደብተር በጋሽ ሚደቅሳ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ግንቦት 1፣ ጠዋት 4፡20። ወጣች። ክንፏ ሙሉ ነው።»

«ይህችን ሳጥን እንወስዳታለን» አለች ሠርካዲስ። «በኤግዚቢትነት መዝግባት። ስኳር በውሃ በጥብጥላት።»

ጋሻው የምትቀልድ መስሎት ፊቷን አየ። አልቀለደችም።

አስከሬኑን ያገኘው ወጣት ከደረጃው ላይ ተቀምጧል። ፊራኦል ይባላል፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ጌጃ ሰፈር ውስጥ መስታወት የሚቆርጥባትና የፎቶ ፍሬም የሚሠራባት አንዲት ክፍል አለችው። ጋሽ ሚደቅሳ ስምንተኛ ክፍል አስተምረውታል፤ የመሳቢያዎቹን መስታወት ሁሉ ያስገባው እሱ ነው። ገና ሳትጠይቀው ተናገረ።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

ሠርካዲስ ጉልበቷን እየረገመች ከጎኑ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሳምንት በፊት ጋሽ ሚደቅሳ ጠርተውት፣ የጠርሙሱ ጀሶ ተሰነጣጥቋልና አዲስ አፍስስልኝ አሉት። አሠራሩ ከጥንቱ መጽሐፍ የተቀዳ ነው፤ መርዙ ከሥር ይሆናል፣ ጀሶው ከላይ ሆኖ አፍኖ ይይዘዋል። ከሥር ያለውን እሳቸው ራሳቸው አዘጋጅተው ሰጡት፤ መርዝ ነው፣ እንዳትነካው ብለው አስጠነቀቁት።

«ጀሶው አላዳረሰኝም፤ ውሃ ጨመርኩበት» አለ ፊራኦል። «እያየሁት ነው የቀጠነው። ምን አለበት ብዬ አፈሰስኩት። ሌላ ጀሶ ለማምጣት እኮ አሥር ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ።»

ጣቢያ ከወሰዱትም በኋላ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም። የመጣለትን ምግብ አልነካም፤ ወረቀት አምጡልኝና ልፈርም ብቻ ይላል። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በቸልተኝነት ሰው መግደሉን ካመነ ደግሞ ማንም የሚከራከርለት የለም። ግቢው ውስጥ አሁኑኑ «መርዝ ያቀበለው ልጅ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ጋሻው መዝገቡን ለመዝጋት እጁን በልቶታል። ሠርካዲስ ግን ብዕሩን ከፊቱ አንስታ ኪሷ ከተተችው፤ የዚያ ልጅ ዓይን አስጨንቋታል። ሠርቶ የሚክድ ብዙ አይታለች፤ ሳይሠራ እሰሩኝ ብሎ የሚለምን ግን ከባድ ነው።

በማግስቱ ወደ ጋሽ ሚደቅሳ ቤት ተመለሰች። ቢራቢሮ ያገናኛቸው አራት ሰዎች ነበሩ፤ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ እዚያ ክፍል ይሰበሰቡ ነበር። ሟቹና ፊራኦል ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛዋ ወይዘሮ ወለተሰንበት የታችኛው ፎቅ ጎረቤት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት በታይፒስትነት ያገለገሉ ባለ ቀጭን እጅ ጽሑፍ ሴት ሲሆኑ፣ ከየቢራቢሮው ሥር የምትሰካውን የጥፍር ያህል ወረቀት የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። አራተኛው የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዶክተር ባሮክ ነው። ከእነዚህ ሌላ የሟቹ ልጅ ሶረቲ አለች፤ ቢራቢሮ የሚባል ነገር ማየት አትፈልግም።

ሶረቲን ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ አገኘቻት። በበዓሉ ቀን አምስት ሰዓት ላይ መጥታ፣ አባቷ አያት ሰፈር ካለው ቤቷ ገብተው አብረዋት እንዲኖሩ ለመነቻቸው። እምቢ አሏት፤ ተጣሉ፤ በሩን በላያቸው ወርውራ ሄደች። ከታች ንፍሮው ገና አልወጣም ነበር።

«ከሬሳዎችህ ጋር ኑር ነው ያልኩት» አለች። «በመጨረሻ ያልኩት ይኼን ነው።» ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሠርካዲስ ሌላ አልጠየቀቻትም።

ዶክተር ባሮክ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ቃላቱን የሚመርጥ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ግቢው ውስጥ ብቅ ብሎ፣ ሰላም ብሎ፣ ስብሰባ ስላለበት ወዲያው መሄዱን ነገራት።

«ደረጃውን እንኳ አልረገጥኩም፤ ሳላገኛቸው መሄዴ ይቆጨኛል» አለ። «ያ ጠርሙስ አንድ ቀን ይገድልዎታል ብዬ ስንት ጊዜ አስጠንቅቄያቸዋለሁ።»

«ከጎረቤቱ ጋር ንፍሮ ቀመሱ?»

«እኔ እንዲህ ያለው ነገር ውስጥ የለሁበትም ኢንስፔክተር። የሳይንስ ሰው ነኝ።»

ከዚያ ሠርካዲስ ከወይዘሮ ወለተሰንበት ጋር መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ሙያው ባይገባትም ማየት ታውቃለች። በላይኞቹ መሳቢያዎች ያሉት የቆዩት ቢራቢሮዎች ከፋብሪካ የወጡ ይመስላሉ፤ ክንፋቸው አንድ ስንጥቅ የለውም። በታችኞቹ ያሉት የቅርቦቹ ግን ደብዝዘዋል፣ ጫፋቸው ተበልቷል፣ አንዳንዶቹም ግማሽ ክንፍ ነው የቀራቸው። መጽሐፉ የተጎዳ ቢራቢሮ ይጣል ይላል። እኚህ ሰው ግን የጠበቁት የተጎዳውን ነው። ወረቀቶቹንም አስተያየች።

«እትዬ ወለተሰንበት፣ የድሮዎቹ ላይ አንድ ቀን ነው ያለው። እነዚህ ላይ ለምን ሁለት ቀን ተጻፈ?»

«እኔ የሰጡኝን ነው የምጽፈው» አሉ ወይዘሮዋ። «ከ2009 ጀምሮ ሁለት ሆነ። የመጀመሪያው ከሙሽሬዋ የወጣችበት ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ያረፈችበት።»

ሠርካዲስ ቅርንፉዷን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረች። በሁለቱ ቀኖች መካከል አሥር ቀን፣ አሥራ አምስት ቀን፣ አንዳንዴ ሃያ ቀን አለ። በሰባተኛው መሳቢያ፣ በሦስተኛው ረድፍ፣ አንድ ቦታ ባዶ ነው፤ የመርፌ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ወይዘሮ ወለተሰንበት ባዶውን ሲያዩ ደነገጡ። ቤታቸው ወርደው የጻፉትን ሁሉ የሚገለብጡበትን ደብተር ይዘው ተመለሱ፤ የታይፒስት አመል ነው፣ ቅጂ ሳያስቀሩ ምንም ከእጃቸው አይወጣም። የጎደለችው ቢራቢሮ እዚያ አለች፦ «ልደታ፣ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ካለ ቁጥቋጦ የተገኘ አባጨጓሬ፣ በረንዳ ላይ ያደገ። የወጣችበት ሐምሌ 12 ቀን 2016። ያረፈችበት ሐምሌ 27። የግራ ክንፏ ጫፍ ተቀዷል።»

ጋሽ ሚደቅሳ «ያለ ወረቀቱ ቢራቢሮ ክንፍ ብቻ ነው» ይሉ እንደነበር ወይዘሮዋ አስታወሱ። በቅርቡ አንድ ነገር አሳዝኗቸው ነበር። አንድ ሰው ስህተቱን ራሱ እንዲያርም እንደነገሩት፣ ለልደታ ይመጣና እንነጋገራለን እንዳሉ አጫወቷት። ማን እንደሆነ ግን አልነገሯቸውም፤ ሰውን ማሳጣት አይወዱም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሠርካዲስ ቢሮዋ ተቀምጣ ቢራቢሮዋን ታያለች። ጋሻው ስኳር ውሃውን በጥጥ ነክሮ አቅርቦላት፣ ማንም ሳያየው ያነጋግራታል። ወይዘሮ ወለተሰንበት ለፊራኦል ምግብ ይዘው መጡ፤ ልጁ እንደማይበላ ሲነገራቸውም ተናደዱ።

«አንድ ጥፋት ብቻ ነው ያለበት» አሉ። «አውርዳቸውና ከእኛ ጋር ይቅመሱ ብዬ ብልከው፣ ሳላየው በፕላስቲክ ሳህን ይዞላቸው ገባ። የልደታ ንፍሮ ቤት ይገባል እንዴ? ደጅ ተቀቅሎ ደጅ ነው የሚያልቀው። እሱስ ምን ያድርግ፣ በእኛ ወግ አላደገም።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፦ «ደግሞ ሌላው ቢቀር ሳህኔን መልሱልኝ። ዳሩ ላይ ሰማያዊ አበባ ያለበት ሸክላ ነው። ለክብር እንግዳ ካልሆነ አላወጣውም። ሦስት አወጣሁ፣ ሁለት ተመለሰ።»

ሠርካዲስ ቅርንፉዱን ነከሰችው። መንጋጋዋ እስከ ጆሮዋ ነዘራት፤ ግን ልብ አላለችውም። ክርኗ ፈቀቅ ያደረገው ሳህን ታያት። ከበሩ ውጭ፣ ግንቡ ላይ፣ በጥንቃቄ የተቀመጠ። ለምን እንዳልገረማት አሁን ገባት። እሷም ብትሆን እዚያው ነበር የምታስቀምጠው።

«ሦስቱን ለማን ለማን ሰጡ?»

ወይዘሮዋ ሦስት ስም ነገሯት። ሠርካዲስ የመጨረሻውን ብቻ ጻፈች። ከዚያ ጋሻውን ጠርታ ሳህኑን ከግንቡ ላይ አንስቶ ለአሻራ ምርመራ እንዲያደርስ ላከችው።

ፊራኦል ፍርድ ቤት በሚቀርብበት ጠዋት፣ ከሰዓቱ በፊት፣ ሁሉንም በጋሽ ሚደቅሳ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሶረቲ የአባቷን ወንበር ይዛ ቆመች። ወይዘሮ ወለተሰንበት ደብተራቸውን ታቅፈዋል። ዶክተር ባሮክ መስኮቱ አጠገብ ነው። ፊራኦልን ጋሻው አጅቦ አመጣው፤ ወለሉን ማየት ስላልፈለገ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቀለ። የቢራቢሮዋ ሳጥን ወደ ቦታዋ፣ ጠረጴዛው ላይ ተመልሳለች።

«መጀመሪያ ላንተ ነው የምናገረው ፊራኦል» አለች ሠርካዲስ። «ይቺ ቢራቢሮ ከሙሽሬዋ የወጣችው አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ጋሽ ሚደቅሳ በእጃቸው ጽፈውታል። ስለዚህ ያ ጠርሙስ ሲሰበር እዚህ ነበረች፤ መስኮቱም ዝግ ነበር። ጠርሙሱ የተሠራው እንዲህ ያለችውን ነፍስ በደቂቃ ውስጥ ለመግደል ነው። ሰው ገደለ የተባለው መርዝ ከአፍንጫዋ ሥር ተሰብሮ፣ እሷ ግን ይኸው ትበራለች።»

«ጀሶው ቀጥኖ ነበር» አለ ፊራኦል።

«ጀሶህ ቀጭን ነበር፤ ግን የሚያፍነው ነገር አልነበረም። ከሥር የነበረውን አስመረመርኩት። የገበታ ጨው ነው።»

ፊራኦል አሁን ዓይኑን አወረደ።

«እኔ ግን ከምርመራው በፊት ጠርጥሬያለሁ፤ የነገሩኝ የእትዬ ወለተሰንበት ወረቀቶች ናቸው። የገደሉትን ቢራቢሮ አንድ ቀን ይበቃዋል። የወጣችበትና ያረፈችበት ተብሎ ሁለት ቀን የሚጻፈው ዕድሜዋን ጨርሳ ስትሞት ነው። ክንፋቸው ያለቀውም ለዚህ ነው፤ በረንዳቸው ላይ ሲበሩ ነው ያረጁት። ጋሽ ሚደቅሳ ከ2009 ወዲህ አንዲት ቢራቢሮ አልገደሉም። ጠርሙሱ ለወጉ ነበር የተቀመጠው።»

ሶረቲ ከአባቷ ወንበር ላይ እጇን አነሳችና ወደ ታችኞቹ መሳቢያዎች ተመለከተች። ሬሳ ብላ የጠራቻቸውን አሁን ገና ያየቻቸው ይመስል ነበር።

«ታዲያ ወድቀው ነው የሞቱት?» አለች።

«ተገፍተው ነው። የጠርሙሱ ስብርባሪ ሥሩ ደም፣ ላዩ ንጹሕ ነበር። ደሙ ከፈሰሰ በኋላ ነው ጠርሙሱ የተሰበረው። አንድ ሰው አደጋ ለማስመሰል ሰብሮታል። ያ ሰው ደግሞ ላዩ ላይ ያለውን ትልቁን ጽሑፍ እንጂ እነዚያን ትናንሽ ወረቀቶች አንብቦ አያውቅም።»

ዶክተር ባሮክ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጠርሙሱን መርዝ ነው ብለን የምናምን ሁላችንም ነን። ፊራኦልም ጭምር።»

«ልክ ነው። ለዚህ ነው ሳህኑ የሚያስፈልገን።» ጋሻው ባለ ሰማያዊ አበባውን ሳህን በላስቲክ ከረጢት እንዳለ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይህን ከበሩ ውጭ ግንቡ ላይ አገኘሁት። እየበላ የመጣ ሰው በዚህ በር ገብቷል፤ ከመግባቱ በፊት ግን ሳህኑን ውጭ አስቀምጧል። ሲወጣ ትዝ አላለውም። ፊራኦል ቢሆን ኖሮ ይዞት ይገባል፤ በእርግጥም የራሱን ይዞ ገብቷል። ሶረቲ የመጣችው ንፍሮው ሳይወጣ ነው። እትዬ ወለተሰንበት ከእሳቱ አጠገብ ሲያድሉ መቶ ሰው አይቷቸዋል። ሳህኑን የተወው ሰው የልደታ ንፍሮ ከደጃፍ እንደማያልፍ በልጅነቱ የተማረ፣ ደግሞም በሸክላ የሚቀርብለት የክብር እንግዳ ነው። እንዲህ ያለው እንግዳ ሦስት ነበር። የሰፈሩ ቄስና የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሳህናቸውን መልሰዋል።»

«እኔ ንፍሮ አልቀመስኩም ብያለሁ።»

«ብለዋል። እትዬ ወለተሰንበት ግን በእጃቸው እንደሰጡዎት ያስታውሳሉ። ከሳህኑ ላይም አሻራ ተነስቷል፤ የእርስዎን ዛሬ እናነሳለን። አንዱ የእኔ ክርን ነው፤ ለእሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሠርካዲስ ወደ ሰባተኛው መሳቢያ ሄዳ ከፈተችው።

«ከዚህ አንዲት ቢራቢሮ ጎድላለች። እትዬ ወለተሰንበት እንደነገሩኝ፣ ዶክተር፣ ከዚህ በፊት ፎቶ ላንሳት ብለው ወስደው መልሰዋት ነበር። ሶረቲ ትናንት ማታ በስልኳ ፈልጋ ጽሑፍዎን አገኘችልኝ። በሳይንስ ያልታወቀ ዝርያ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ በመረቤ ያዝኩ ይላል። የፎቶዋ ግራ ክንፍ ጫፉ ተቀዷል። እዚህ ደብተር ላይም ተቀዷል። ልዩነቱ፣ ይቺኛዋ የተገኘችው ከባቡር ሐዲዱ ሥር፣ ያደገችውም በረንዳ ላይ መሆኑ ነው። ጋሽ ሚደቅሳ አላሳጡዎትም፤ ራስዎ እንዲያርሙት ለመኑዎት። ካረሙት ግን የሚጠብቁት የማዕረግ ዕድገት ይቀራል። ማስረጃዋን ይዘው ሄዱ፤ ቅጂ መኖሩን አላወቁም።»

ባሮክ ሳህኑን አየ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«እናቴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ስንኖር በየዓመቱ ታከብር ነበር» አለ። «ይዘን ከገባን እጃችንን ትመታናለች። ከሠላሳ ዓመት በኋላ… ሳላስበው ነው።»

ስለ ሳህኑ ይሁን ስለ ሽማግሌው አልተናገረም። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይላል ያገሬ ሰው፤ ይህን ሰው ግን ያጋለጠው ደጉ ልማዱ ነው።

«ሲገፏቸው አላሰቡትም ይሆናል» አለች ሠርካዲስ፤ አሁን ቁጣዋን አልደበቀችም። «ሐኪሙ ግን ከወደቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ነፍሳቸው እንዳልወጣች ነግሮኛል። ከታች መቶ ሰው ተቀምጦ ነበር። አንድ ጊዜ በመስኮት ቢጣሩ ኖሮ ተሸክሟቸው ይሮጥ ነበር። እርስዎ መስኮቱን ትተው ወደ መሳቢያው ሄዱ። ይህን ግን አስበውበታል።»

ጋሻው ባሮክን ይዞ ወረደ። የታችኛው ድንኳን ጸጥ ሲል ይሰማ ነበር። ፊራኦል ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ጨው ከሆነ ጀሶውን ለምን አስሞሉኝ?» አለ። ነፃ መሆኑ የገባው አይመስልም ነበር።

የመለሱለት ወይዘሮ ወለተሰንበት ናቸው።

«ሁለት ወር እኮ አልመጣህም ልጄ። ሥራ በዝቶበት ነው እያሉ በረንዳ ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ። ና ናፍቀኸኛል ማለት አልሆነላቸውም። የሚሰነጠቅ ነገር ፈለጉ።»

ያን ጊዜ ፊራኦል ወለሉ ላይ ተቀመጠና በሦስተኛው ቀን ገና አለቀሰ። ሶረቲም አጠገቡ ቁጭ አለች። ሠርካዲስ የሁለቱን ለቅሶ ላለማየት ቢራቢሮዋን ስታይ ቆየች።

ኤግዚቢቷ ጣቢያው ውስጥ አሥራ ሁለት ቀን ኖረች። በአሥራ ሦስተኛው ጠዋት ጋሻው በክብሪት ቀፎ ይዟት መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ክንፏ ከጥጉ ተበልቶ፣ ቢጫው ደብዝዞ ነበር። ሠርካዲስ ቀፎውን ይዛ ያንን ደረጃ እንደገና ወጣች። ቤቱን ሶረቲ አልዘጋችውም፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። ፊራኦል አዲስ መስታወት ቆርጦ አምጥቷል። ወይዘሮ ወለተሰንበት መነጽራቸውን አድርገው፣ ጥፍር በምታህል ወረቀት ላይ ከሁሉም ቀጭን በሆነው ብዕራቸው ጻፉ፦

«ልደታ። የወጣችበት ግንቦት 1፣ ጠዋት 4፡20። ያረፈችበት ግንቦት 13። ያሳደጋት ሚደቅሳ ቱሉ።»

ከዚያ ቅጂውን ደብተራቸው ላይ ገለበጡ።